ተራኪው ሳይቆም ያለፈበት አምባ

መካነ ሰላም አዲስ መጽሐፍ የሚገባው ከመንገደኛ ጋር ነው። ለበዓል ዘመድ ጥየቃ የሚመጣ የአዲስ አበባ ሰው፣ ወይም ከደሴ በአቀስታ በኩል የሚመለስ ነጋዴ በአደራ ያመጣልኛል። የእኔ ሥራ ርዕሱን በብጣሽ ወረቀት ጽፎ መስጠትና መጠበቅ ነው። አንዳንዱ በሳምንት ይደርሳል፤ አንዳንዱ ክረምቱን ሙሉ ያስጠብቃል። ታሪክ ግን ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በሌላ በርም መግባት ጀምሯል። እንግሊዝኛ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ በከፈትኳት የደብተርና የእስክሪብቶ ሱቅ ተቀምጬ፣ አንድ ጆሮዬን ለደንበኛ ትቼ በሌላው ስለ አክሱም፣ ስለ ዓድዋ፣ ስለ መቅደላ የሚተርኩ ሰዎችን እሰማለሁ። ማታ ደግሞ አነባለሁ። ቀን የሰማሁትንና ማታ ያነበብኩትን ሳስተያይ የማገኘው ልዩነት ነው ይህን ያስጻፈኝ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ተራኪዎች እኛ አገር ሲደርሱ ለምን እንደዚያ እንደሚፈጥኑ።

በአማርኛ መጽሐፍን በጆሮ መስማት ፖድካስት የሚለው ስም ከመምጣቱ በፊት የነበረ ነው። የእኔ ትውልድ ብዙው ሰው «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያወቀው በኢትዮጵያ ሬዲዮ፣ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ነው። መጽሐፉን በእጁ ነክቶት የማያውቅ ገበሬ ጉዱ ካሳን እንደ ጎረቤቱ ያውቀው ነበር። ዛሬ ለታሪክ ያንን ቦታ የያዘው፣ በእኔ ግምት፣ በሸገር ኤፍ ኤም 102.1 የሚቀርበው የእሸቴ አሰፋ «መቆያ» ነው። ሸገር በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የአዲስ አበባ ጣቢያ ነበር፤ ሞገዱም ወደ እኛ ደጋ አይወጣም። እኛ ዘንድ የደረሰው በዩቲዩብና በቴሌግራም ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ በተቋረጠበት ወቅት ደግሞ ልጆቹ ቀድመው ያወረዱትን በሚሞሪ ካርድ ከስልክ ወደ ስልክ ይገለብጡት ነበር። እኔም ከሰማሁት ብዙውን ያገኘሁት በዚያ መንገድ ነው።

የእሸቴ ትረካ ሰውን ይዞ ይሄዳል። ድምፁ የተረጋጋ ነው፤ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የሰውየውን ማዕረግ በቅደም ተከተል ያስቀምጣል፤ ሰሚው ሳያውቀው ከአንድ ዘመን ወደ ሌላ ይሻገራል። የመዓዛ ብሩ «የጨዋታ እንግዳ» ደግሞ ሌላ ዓይነት ሀብት ነው። እዚያ የምንሰማው ያለፈውን ራሱ የኖረው ሰው ሲያስታውስ ነው። እንግዳው አንድ ስም ለመጥራት ሲያመነታ፣ ስለ አንድ ዓመት ሲጠየቅ ዝም ሲል፣ «እሱን እንኳ ተይው» ሲል ይሰማል። ይህን ወረቀት ላይ ማስፈር አይቻልም። ሕይወታቸውን ለመጻፍ ጊዜም ፍላጎትም ያልነበራቸው ብዙ ትልልቅ ሰዎች እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠው ተናግረው ባይሄዱ ኖሮ የሚያውቁት ሁሉ አብሯቸው ይቀበር ነበር።

ከሁለቱ ዝግጅቶች የተማርኩት ነገር አለ። የሚያስታውስ ሰው ያመነታል፤ የሚተርክ ሰው አያመነታም። ትረካ ካመነታ ይሰበራል። ስለዚህ ተራኪው ሁለት ዓይነት ወሬ ባለበት ቦታ አንዱን መርጦ ያልፋል። ገጽ ግን ሁለቱንም ጎን ለጎን ሊያስቀምጥ፣ ከግርጌ ማስታወሻ ሊጨምር፣ አንባቢውንም ሊያስቆም ይችላል። ይህ ልዩነት ለሌላው ቀላል ሊመስል ይችላል። እኛ ግን የምንኖረው ብዙ ጊዜ ሁለት ዓይነት ወሬ ባለበት አገር ላይ ነው።

የመጀመሪያው ምሳሌዬ የቬሬና ክሬብስ መጽሐፍ ነው። ጀርመናዊቷ የታሪክ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2021 ስለ መካከለኛው ዘመን ኢትዮጵያ ነገሥታትና ስለ አውሮፓ ግንኙነታቸው ያወጣችውን መጽሐፍ መጀመሪያ የሰማሁት ራሷ በአንድ የእንግሊዝኛ ፖድካስት ቀርባ ስታስረዳ ነው። ከሰማሁት ውስጥ የቀረልኝ ስለ ቬኒስ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1402 የዐፄ ዳዊት መልእክተኞች በአንድ የፍሎረንስ ሰው መሪነት ነብሮች ይዘው እዚያ እንደደረሱ። ደስ የሚል ታሪክ ነው፤ የቬኒስ ሰው በነብር ተደንቆ ሲያይ ይታየኛል። የመጽሐፉ ቁም ነገር ግን ነብሩ አልነበረም። ይህን ያወቅኩት መጽሐፉ በእጄ ከገባ በኋላ ነው።

ክሬብስ የምትለው እንዲህ ነው። ከእሷ በፊት የነበሩ ብዙ ጸሐፊዎች የኢትዮጵያ ነገሥታት ወደ አውሮፓ መልእክተኛ የሰደዱት ጠመንጃ፣ ወታደራዊ ትብብርና የጦር ጥበብ ፈልገው ነው ብለው ያምኑ ነበር። እሷ የደብዳቤዎቹንና የመልእክቶቹን ይዘት አንድ በአንድ ስታይ ያገኘችው ሌላ ነው። ከዐፄ ዳዊት እስከ ዐፄ ልብነ ድንግል የዘለቀው ጥያቄ በአብዛኛው የቅዱሳን አጽም፣ የቤተ ክርስቲያን ንዋየ ቅድሳት፣ ሠዓሊና ግንበኛ የሚጠይቅ ነበር። ነገሥታቱ ታላላቅ አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት እያሠሩ ነበርና። ራሳቸውን የሰሎሞን ልጆች ብለው ስለሚቆጥሩም፣ ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን ሲያሠራ ከጢሮስ ንጉሥ ከኪራም ዘንድ ባለሙያ እንዳስመጣ፣ እነሱም ከሩቅ ንጉሥ ባለሙያ ማስመጣትን የንግሥና ወግ አደረጉት። ልመና አልነበረም፤ የትልቅነት ማሳያ ነበር።

እነዚያ አብያተ ክርስቲያናት የት ነበሩ? እዚህ ላይ ነው መጽሐፉን ዘግቼ በመስኮት ወደ ውጭ ያየሁት። በዚያ ዘመን አማራ ተብሎ የሚጠራው አውራጃ፣ ቤተ አማራ የምንለው፣ ዛሬ የደቡብ ወሎ ምዕራብ የሆነውን ደጋና ቆላ የሚይዝ ነው። አትሮንሰ ማርያም፣ መካነ ሥላሴ፣ ተድባበ ማርያም ሁሉም የዚያ አገር ናቸው። ከቬኒስ የመጣው ሠዓሊ ኒኮሎ ብራንካሊዮን፣ አገሬው መርቆሬዎስ ያለው፣ እመቤታችንን ልጇን በግራ ክንዷ ታቅፋ ስለሣላት ሕዝቡ ተቆጥቶ እንደነበር የሚተረከው በአትሮንሰ ማርያም ነው። ግራ ክንድ ለጌታ ክብር አይመጥንም ተብሎ። ንጉሡ ግን ሥዕሉ እንዲቆይ አደረጉ። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ይህንን ሠዓሊ አርጅቶና ተከብሮ አግኝቶታል።

መካነ ሥላሴን ደግሞ የምናውቃት ካቃጠሏት ሰዎች ወገን በተጻፈ ምስክርነት ነው። ከኢማም አህመድ ጦር ጋር የነበረው የመናዊው ዐረብ ፈቂህ እ.ኤ.አ. በ1531 ወታደሮቹ ቤተ ክርስቲያኒቱ ውስጥ ሲገቡ በወርቅና በብር ሉሕ የተለበጠውን ግድግዳ አይተው እንዴት እንደተደነቁ፣ ከዚያም እንዴት በመጥረቢያ እንደላጡት ጽፏል። ጠላትነቱን ሳይደብቅ አድናቆቱንም አልደበቀም። ለዚህ ነው ያ መጽሐፍ ዋጋ ያለው፤ በሁለቱም ሃይማኖት ያለን የወሎ ሰዎች ሳንቀያየም ልናነበው የሚገባ ይመስለኛል።

ፖድካስቱ ላይ ግን ቬኒስ ነበረ፤ ሮም ነበረ፤ ናፖሊ ነበረ። እኛ አልነበርንም። አዘጋጁ ጣልያን ላይ ጥያቄ አበዛ፣ ሰዓቱም አለቀ። ደራሲዋን አልወቅስም። ሰሚው የሚያውቀው ቬኒስን ስለሆነ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። የዐፄ ዳዊት መልእክተኞች ቬኒስ በደረሱበት ዓመት አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ በሕይወት ነበሩ። ጋስጫ የእኛው የቦረና ነው። ሐይቅ እስጢፋኖስ ተምረው፣ በቤተ መንግሥት አስተምረው፣ ተከራክረው፣ ታስረውም ተፈትተውም፣ እ.ኤ.አ. በ1424 «መጽሐፈ ምስጢር»ን የፈጸሙ ሊቅ ናቸው። «ሰዓታት»ም የእሳቸው ነው፤ «አርጋኖን»ም። ስለ መጻፍና ስለ መስማት እያወራሁ እሳቸውን የማነሳው የአገሬ ሰው ስለሆኑ ብቻ አይደለም። «መጽሐፈ ምስጢር» ስለ ሃይማኖት የሚከራከር ከባድ መጽሐፍ ሲሆን ክፍሎቹ ለበዓላት እንዲነበቡ ሆነው የተደረደሩ ናቸው። ደራሲው ብራና ላይ ሲጽፉ ቆሞ የሚያዳምጠውን ሕዝብ ያስቡ ነበር ማለት ነው። ሰዓታቱም እስከ ዛሬ በሌሊት ይቆማል። ለዓይንም ለጆሮም እኩል የሚሆን ጽሑፍ ምን እንደሚመስል ማወቅ የሚፈልግ ሰው ከእሳቸው ይጀምር። በዓላቸው ሐምሌ 7 ቀን ነው፤ በዝናብ መካከል።

አሁን ወደ መቅደላ ልለፍ። ሁለተኛው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የአንድሪው ሄቨንስ ሥራ ነው፤ ስለ ልዑል ዓለማየሁና ከመቅደላ ስለተዘረፈው ንብረት። ይህን ታሪክ ያልሰማ ኢትዮጵያዊ የለም ማለት ይቻላል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ። የጄኔራል ናፒየር ጦር ከዙላ ወደብ ተነሥቶ፣ ከህንድ ያመጣቸውን ዝሆኖች ሳይቀር እየነዳ፣ አምባው ላይ ወጣ። የሰባት ዓመቱን ልጃቸውን ዓለማየሁን ወሰዱት። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ መንገድ ላይ ታመው ሞቱ፤ ጨለቆት ተቀበሩ። ልጁ በካፒቴን ስፒዲ እጅ እንግሊዝ ገባ፣ ንግሥት ቪክቶሪያ ፊት ቀረበ፣ ተማሪ ቤት ገባ፣ ከዚያም እ.ኤ.አ. በኅዳር 1879 በ18 ዓመቱ ሊድስ አጠገብ ሞቶ ዊንድዘር ተቀበረ።

የሄቨንስ ብርታት በዝርዝሩ ላይ ነው። ደላንታ ሜዳ ላይ ዕቃው ለሁለት ቀን በሐራጅ መሸጡን፣ ከብሪትሽ ሙዚየም የተላከው ሪቻርድ ሆልምስ ለሙዚየሙ እየገዛ «ኩርዐተ ርእሱ» የተባለውን ሥዕል ግን ለራሱ ማስቀረቱን፣ 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ወደ ለንደን መሄዳቸውን ይከታተላል። የአንዱን ጽዋ፣ የአንዱን ቀሚስ፣ የአንዱን ጋሻ ዱካ ከወታደር ወደ ወራሽ፣ ከወራሽ ወደ ሙዚየም ይከተላል። ነገሩ ገና ያላለቀ መሆኑም ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2019 የእንግሊዝ ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም የቴዎድሮስን ፀጉር መለሰ። በ2023 የስፒዲ ቤተሰብ የልጁን ፀጉር መለሰ፤ በዚያው ዓመት ግን የባኪንግሃም ቤተ መንግሥት አጽሙን ለመመለስ ፈቃደኛ አልሆነም። በ2024 ዌስትሚንስተር አቢ በእጁ ያለውን ታቦት ለመመለስ በመርህ ደረጃ መስማማቱን አስታወቀ።

ይህን ሁሉ ሳነብ ተቆጥቻለሁ፤ ዛሬም እቆጣለሁ። የእናቱን ቀብር ያየ ሕፃን ወደማያውቀው አገር መወሰዱ በምንም አይታጠብም። ቢሆንም አንድ ነገር ልብ ብያለሁ። በእንግሊዝኛ የሚተረከው መቅደላ ዘወትር በልጁና በዕቃው ላይ ያርፋል፤ ሕሊናቸውን የሚነካው እሱ ነውና። በአማርኛ የሚተረከው መቅደላ ደግሞ በሽጉጡ ላይ ያርፋል። ከብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ» እና ከአቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ» ጀምሮ፣ በጸጋዬ ገብረ መድኅን ተውኔት አልፎ፣ እስከ ዛሬ ፖድካስቶች ድረስ፣ የእኛ ዓይን ከንጉሡ ላይ አይነሣም። ሁለቱም ትረካዎች አምባውን ከሩቅ የመጡ ሰዎች መድረክ ያደርጉታል። መቅደላ ግን ወሎ ውስጥ ነው። ቴዎድሮስ ከመያዛቸው በፊት ባለቤት ነበረው፤ ከያዙት በኋላም ዙሪያውን የሚኖር ሕዝብ ነበረ።

ለዚህ ነው የወይዘሮ ወርቂት ነገር የሚከነክነኝ።

ወይዘሮ ወርቂት የወረ ሂመኖ ገዥ ነበሩ። ልጃቸው በዐፄ ቴዎድሮስ እጅ መቅደላ ላይ በመያዣነት ታስሮ ነበር። እዚያው አምባ ላይ ከ1848 ዓ.ም. ጀምሮ የተያዘ ሌላ ወጣት አለ፤ የሸዋው ምኒልክ። በሰኔ 1857 ዓ.ም. መጨረሻ ምኒልክ የቴዎድሮስን ልጅ አልጣሽን፣ ሚስቱን፣ ጥሎ በሌሊት ከአምባው ወርዶ አመለጠ። ለማምለጥ ደግሞ መንገዱ የወርቂት አገር ነው። የኢትዮጵያ ታሪክ ለጥቂት ሰዓታት በአንዲት ሴት እጅ ወደቀ ማለት ነው። ምኒልክን አሳልፋ ብትሰጥ ልጇ ይድናል። ባትሰጥ…

ሱቄ ውስጥ ሆኜ በሰማኋቸው ትረካዎች ይህ ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፋል። ወርቂት ምኒልክን ተቀብላ ሸኘችው፣ ቴዎድሮስ ተቆጥቶ ልጇን ገደለ፣ ምኒልክ ሸዋ ገባ፣ በዛብህን አሸነፈ፤ ከዚያ ወሬው ወደ አንኮበር ይሄዳል። ጥሩ ተራኪ ከሆነ ድምፁን ትንሽ ዝቅ ያደርጋል፤ ከዚያ ይቀጥላል።

መጽሐፍ ላይ ስመጣ ነገሩ እንደዚያ ቀጥ ያለ አይደለም። አንዱ ወገን ወርቂት ምኒልክን በክብር ተቀብለው ወዲያው መንገዱን ከፈቱለት ይላል። ሌላው ወገን ወርቂት ምኒልክን አቆይተው በልጃቸው ለመለወጥ አስበው ነበር፤ የልጃቸው መገደል ሲሰማ ግን የሚለውጡበት ነገር ስላልቀረ ለቀቁት ይላል። በመጀመሪያው ወሬ ወርቂት እንግዳን ከልጃቸው ያስቀደሙ ሴት ናቸው። በሁለተኛው ልጃቸውን ለማዳን የቻሉትን ሁሉ የሞከሩና ጊዜ የቀደማቸው እናት ናቸው። የሁለቱ ሴቶች ሐዘን አንድ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስም በሁለቱ ወሬዎች አንድ ሰው አይደሉም።

ዐፄ ቴዎድሮስ በመነጽር አይተው ምኒልክ በወርቂት ሰፈር በክብር ሲገባ እንደተመለከቱና በዚያ ቁጣ የወርቂትን ልጅ ጨምሮ እስረኞቹን ወደ ገደል እንዳስወረወሩ የሚተርከው፣ ከእንግሊዝ መልእክተኞች ጋር መጥቶ በኋላ የታሰረው ዶክተር ሄንሪ ብላንክ ነው። ታሪኩ በጣም የታወቀው በእሱ መጽሐፍ በኩል ነው። እዚህ ላይ አንባቢ ቀኑን ማየት አለበት። ብላንክና ጓደኛው ሆርሙዝድ ራሳም ዐፄ ቴዎድሮስን ያገኙት በ1858 ዓ.ም.፣ ታስረው መቅደላ የወጡትም በዚያው ዓመት ክረምት ነው። ያ ሌሊት ሲሆን ብላንክ አምባው ላይ አልነበረም። ከዓመት በኋላ ከጠባቂዎችና ከእስረኞች የሰማውን ነው የጻፈው። ይህ ውሸት ነው ማለት አይደለም፤ እስር ቤት ውስጥ የሚወራ ወሬ ብዙ ጊዜ እውነት ይዟል። ግን የዓይን ምስክር አድርጎ መተረክ ልክ አይደለም። ብላንክን በድምፅ ስሰማው የዓይን ምስክር መስሎኝ የሚያልፍ ነገር፣ ገጹን ወደ ኋላ ገልጬ ሳየው ከሌላ ሰው አፍ የተሰማ ወሬ ሆነ። ቀኑን ከቀን ጋር ማስተያየት ያስቻለኝ ወረቀቱ ነው።

ወርቂት ምን አሉ? የጻፈላቸው ጸሐፊ የለም። የቴዎድሮስ ዜና መዋዕል የቴዎድሮስ ነው፤ የምኒልክም የምኒልክ። እንግሊዞቹ የጻፉት ለእንግሊዝ አንባቢ ነው። ከዚያ ወዲያ ስለ ወርቂት የምናገኘው ከተቀናቃኛቸው ከወይዘሮ መስታወት ጋር ስለነበራቸው የሥልጣን ሽሚያ፣ የናፒየር ጦር ሲደርስም ሁለቱ ሴቶች አምባውን ለየራሳቸው ወገን ስለመፈለጋቸው የተጻፉ ቁርጥራጮች ናቸው። ናፒየር በመጨረሻ ለማንም ሳይሰጥ አምባውን አቃጥሎ ሄደ።

ስለ ብራናዎቹም ያው ነው። ከመቅደላ የተዘረፉትን መጻሕፍት እንዲመለሱ የምንጠይቀው በትክክል ነው፤ እኔም እጠይቃለሁ። ነገር ግን ከእነዚያ መጻሕፍት ብዙዎቹ ዐፄ ቴዎድሮስ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብለው ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ያስመጧቸው፣ አንዳንዱም በ1859 ዓ.ም. ጎንደር ስትዘረፍና ስትቃጠል የተወሰደ መሆኑን አብሮ መናገር የእንግሊዝን ጥፋት አይቀንስም። ታሪኩን ሙሉ ያደርገዋል እንጂ። አንድ የጎንደር ደብር ካህን ይህን ጉዳይ በፖድካስት ቢሰማ ምን ይላል ብዬ ብዙ ጊዜ አስባለሁ።

እንግዲህ የወሎን ነገር ከወሎ ሆኖ የጻፈ ማን ነው? ለእኔ መልሱ ሁሴን አህመድ ናቸው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የታሪክ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2001 በእንግሊዝኛ ያወጡት በ19ኛው መቶ ዓመት ስለ ወሎ እስልምና የሚተርከው መጽሐፍ አዲስ አይባልም፤ እኔ ግን በየዓመቱ እመለስበታለሁ። ሁሴን አህመድ በመዛግብት ብቻ አልተወሰኑም። የሼሆቹን ማዕከላት፣ ጌታን፣ ጀማ ንጉሥን የመሰሉትን እያዩ፣ በዐረብኛ የተጻፉ የእጅ ጽሑፎችን እየፈለጉ፣ ከሽማግሌዎች አፍ የሰሙትን እየመዘኑ ጻፉ። ከ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የመጣው የሃይማኖት ግዴታ በወሎ ሙስሊሞች ላይ ምን እንዳደረሰ፣ እንደ ሼህ ጠልሃ ያሉት እንዴት እንደተቃወሙ ያስረዳሉ። የሰሙትን ሲጽፉ የሰሙት መሆኑን ይነግሩናል፤ ሁለት ወሬ ሲሆን ሁለቱንም ያስቀምጣሉ። ቀዝቃዛ አጻጻፍ ነው የሚሉ አሉ። እኔ የማየው ለሰሚው ያለውን ክብር ነው።

በወሎ ታሪክ በጆሮ የሚተላለፍባቸውን መንገዶች ሳስብ መንዙማው ይመጣብኛል፤ የሼህ ሁሴን ጅብሪል ግጥሞችም። እነዚያ ስለ ነገሥታት መነሣትና መውደቅ የሚናገሩ ግጥሞች መጽሐፍ ሆነው ከመታተማቸው በፊት ከአፍ ወደ አፍ ነው የኖሩት፤ እናቶቻችን በቡና ላይ ይደግሟቸው ነበር። አንዱን ግጥም አንዱ ስለ ቴዎድሮስ ነው ይላል፣ ሌላው ስለ ልጅ ኢያሱ። መጽሐፍ ሲሆን ግን አንዱ ቀርቶ ሌላው ይያዛል። እዚህ ላይ ገጽም እንደ ትረካው ያስቸግራል፤ አንድ ቃል ላይ ያቆማል፣ ሌሎቹን ያስረሳል። በቡና ላይ የተባለውን ሁሉ ቀድቶ የሚያስቀር ድምፅ ቢኖር እዚህ ከመጽሐፉ ይበልጥ ይጠቅም ነበር። ከተማችን ውስጥ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አለ፤ ተማሪዎቹ በየኪሳቸው የድምፅ መቅጃ ይዘው ነው የሚዞሩት። በሳይንትና በወግዲ፣ በለጋምቦና በከላላ፣ ከስሙ በቀር ምንም ያልተጻፈለት ስንት ወርቂት እንዳለ አላውቅም። አያቶቻቸው ግን ያውቁ ይሆናል።

ለመጀመር የሚፈልግ ሰው ከጠየቀኝ እንዲህ እላለሁ። መጀመሪያ ስማ፤ «መቆያ»ን ስማ፣ ስሞቹንና ቀኖቹን ጆሮህ ይልመዳቸው፣ ሥራህን እየሠራህ ይሁን። ከዚያ በሰማኸው ላይ ከአንድ በላይ መጽሐፍ አንብብ፤ ስለ ቴዎድሮስ ከሆነ የጳውሎስ ኞኞና የተክለ ጻድቅ መኩሪያ አሉልህ፤ እንግሊዝኛ የምታነብ ከሆነ ሄቨንስን ጨምር። ስታነብ ሁለቱ የማይስማሙበት ቦታ ላይ ምልክት አድርግ። ከዚያ ተመልሰህ ትረካውን ስማ። ምልክት ያደረግክበት ቦታ ላይ ድምፁ እንዴት እንደሚፈጥን ትሰማለህ።

ባለፈው ሰሞን ደብተር ሊገዙ የመጡ የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጆች የወርቂትን ክፍል ከእኔ ጋር ሰምተው ነበር። ሁለቱን ወሬ ነገርኳቸው። አንዷ ልጅ የመጀመሪያው ነው ትክክል አለች፤ እንግዳን አሳልፎ መስጠት በእኛ አገር ነውር ነው፣ ወርቂትም ገዥ ነበሩ። ወንዱ ልጅ አልተስማማም፤ የትኛዋ እናት ናት ልጇ ታስሮ ለመለወጥ የማትሞክር? አለ። ሲከራከሩ ደንበኛ መጥቶ ሄደ። ልጅቷ በመጨረሻ የወረ ሂመኖ ሽማግሌዎች ምን እንደሚሉ የጠየቀ ሰው አለ ወይ አለችኝ። ተንታ የምትኖር አክስት እንዳለቻት ነገረችኝና ለትምህርት ቤት መዝጊያ ስትሄድ በስልኳ እንደምትቀዳ ቃል ገባች።